የፊንላንዱን ሰው «ተቀበል!» ያሉት ጋሽ መርዕድ

የጋሽ መርዕድን ሞት የሰማሁት ከማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። በአንድ የሚከራይ ክፍልና በአንድ የጠፋ ፓስፖርት ማስታወቂያ መካከል «የታዋቂው ሙዚቀኛ የአቶ መርዕድ ሥርዓተ ቀብር» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከሥሩ እንባ የሚያወርዱ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ። አንዱ «ሥራዎቻቸው ሕያው ናቸው» ብሎ ጻፈ። የትኞቹ ሥራዎች እንደሆኑ የጠየቀው የለም።

ጋሽ መርዕድ ሙዚቀኛ አልነበሩም። አንድም መሣሪያ ሲነኩ አላየሁም፤ ሲያንጎራጉሩም አልሰማሁም። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ አዳራሽ ጠባቂ ነበሩ። በር ይከፍታሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ሻይ ያፈላሉ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጃቸው ሶስና የለጠፈችው አንድ ቪዲዮ ግን አለ፤ አባቷ መድረክ ላይ ማይክ ፊት ቆመዋል፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። በቪዲዮው ውስጥ ጋሽ መርዕድ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ይህን ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሶስና ደወለችልኝ።

«ሲስ፣ የሕይወት ታሪኩን አንቺ ኤዲት አድርጊልኝ፤ የኔን አማርኛ ታውቂዋለሽ። ‹ሙዚቀኛ› የሚለውን ግን እንዳታወጪው። ቸርች ያለው ሰው ሁሉ ቪዲዮውን አይቶታል።»

«ሙዚቀኛ አልነበሩም እኮ፣ ሶስናዬ።»

«አይ ኖው። ታዲያ ምን ነበር ልበል? ወንበር ደርዳሪ?»

መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም።

አዳራሹን የሠሩት ድሮ በመርከብ የመጡ የሰሜን አውሮፓ አናጢዎች ናቸው ይባላል። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ይዘውታል። በየዓመቱ ጥር ላይ ሦስት ቀን የሚቆይ የክረምት የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ያደርጉበታል፤ ከፊንላንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከስዊድን አጫዋቾች ይመጣሉ። ኦክላንድ ላይ ጥር ማለት በየሰው ግቢ ሎሚ የሚበስልበት ወር ነው። እነሱ ግን ለአያቶቻቸው የበረዶ ክረምት ክብር ሲሉ አጋዘን የተጠለፈበት ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሰው ይመጡና ላባቸውን በጨዋነት ይጠርጋሉ። ጋሽ መርዕድ በመጀመሪያው ዓመት አዝነውላቸው ማሞቂያውን ለኩሰው ጠበቋቸው። አንዲት ሴት ራሷን ልትስት ደረሰች። ከዚያ ወዲህ መስኮት መክፈት ሥራቸው ሆነ። «ክረምት የሌለው ሰው የክረምት በዓል ሲያከብር፣ ብርዱን አፈላልጎ የሚያመጣለት ጥበቃው ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ኮት ተቀባይ ነበርኩ። በቴሌግራፍ አቬኑ አውቶብስ ውስጥ መጽሐፍ ሳነብ ፌርማታዬ ሲያልፈኝ ሁለት ጊዜ አይተውኝ፣ በሦስተኛው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አለፈሽ» አሉኝ። ዐርባን ካለፍኩ በኋላ ኮሌጅ መግባቴን፣ ለቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ የሚያስነብብ ሥራ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። በሳምንቱ አስገቡኝ። «ኮት ማንንም አይረብሽም፤ አንቺም ማንንም አትረብሺም፤ ትስማማላችሁ።» ስሜን እያወቁ «ተማሪት» ነበር የሚሉኝ።

ፌስቲቫሉ ዓርብ ከሰዓት ይጀመራል። ዓርብ ጠዋት ጋሽ መርዕድ አዳራሹ ውስጥ ባሉት ሁለት መቶ ወንበሮች ላይ ተራ በተራ ይቀመጣሉ። መቀመጥ ብቻ አይደለም። ወደ ግራ ዘንበል ይላሉ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላሉ፣ እንደ ሰለቸው አድማጭ ይቁነጠነጣሉ። ሲጥ ያለው ወንበር ይባረራል።

«ተማሪት፣ ይኼ ሐሜተኛ ነው፤ ጓዳ አስገቢልኝ።»

«ትንሽ እኮ ነው ሲጥ ያለው፣ ጋሽ መርዕድ።»

«ሐሜተኛም የሚጀምረው በትንሹ ነው።»

እንዲህ የሚያደርጉበት ምክንያት ነበራቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ቀን ቆጣሪ ያነባሉ፤ ከሥራ በኋላ ጠጅ ቤት አዝማሪ ፊት ይቀመጣሉ። አንዷን ብርሌ ይዘው ነው የሚያመሹት። የሚሄዱት ግጥም ለመስጠት ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ፋታ ሲሰጥ «ተቀበል!» ይላሉ፣ ስንኝ ይወረውራሉ፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የእሳቸውን ስንኝ ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሲለው ይሰነብታል፤ የማን እንደሆነ ግን ማንም አያስታውስም። አጫዋቹ አዝማሪ ይባላል፤ ጠጅ የሚያድለው አሳላፊ ይባላል። ግጥም ሰጪው ግን እንዲሁ «እዚያ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ» ነው። ጋሽ መርዕድ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ጋ የተቀመጡት ሰውዬ ነበሩ፤ በዚህም አንድ ቀን ሲከፋቸው አላየሁም። «አጫዋች ሞልቷል» ይሉኝ ነበር። «የጠፋው የሚሰማ ሰው ነው። ግጥም ሰጪ ማለት ደግሞ ሰምቶ ሰምቶ የሞላበት ሰው ነው፤ ሲሞላ ይፈሳል።»

አሜሪካ ከገቡ በኋላ አንድም ስንኝ አልሰጡም። ቴሌግራፍ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ሞክረው ነበር። «ኪቦርድ አይቀበልም» አሉኝ። «‹ተቀበል!› ብዬ እጄን ባነሣ ልጁ ድምፅ ጨመረልኝ።»

ስለዚህ ጥር የእሳቸው ነበር። በትርኢት ሰዓት ሠራተኛ የት ይቁም የሚል ደንብ ያኔ አልነበረም። ጋሽ መርዕድ ሻዩን አፍልተው፣ የወጥ ቤቱን መብራት አጥፍተው፣ ከኋላው በር ወደ ውስጥ ገባ ብለው ይቆማሉ። ቀስት ክር ሲነካ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። በዓመት ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያች አንድ እርምጃ የምታህል ቦታ። ሶስና ሥራውን ትተው ሳን ሆዜ እንዲገቡላት ስትለምናቸው «ከጥር በኋላ» ይሏታል። ከጥር በኋላ ሌላ ጥር አለ።

ከሁሉም ፊንላንዶቹን ይወዱ ነበር። «ሰላምታ አያበዙም» ይላሉ። «የኛ ሰው የእናትህን፣ የአባትህን፣ የከብትህን ደኅንነት ጠይቆ እስኪጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። እነዚህ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይጠጣሉ። ሦስት ቀን አብረን ውለን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። እንዲህ የተግባባሁት ሰው የለም።»

ነገሩ በሆነበት ዓመት ሳካሪ የሚባል ስልሳ ዓመት ገደማ የሆነው ፊንላንዳዊ መጣ። ዮሂኮ የሚሉትን መሣሪያቸውን ነበር የሚጫወተው፤ ጠባብ የእንጨት ሣጥን ነው፣ ጉልበት ላይ ቆሞ በቀስት ይገዘገዛል። ቅዳሜ ጠዋት ሲቃኝ ጋሽ መርዕድ መስኮት ሊከፍቱ አጠገቡ አለፉ፤ ተመለሱ፤ ጎንበስ ብለው ክሩን አዩና ወደ እኔ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

«ተማሪት! የፈረስ ጭራ ነው! እንደ ማሲንቆው ክሩም ቀስቱም የፈረስ ጭራ ነው!»

ከሰዓት በኋላ ሳካሪ ተጫወተ። ጥቂት ስንኝ ይዘፍናል፤ ከዚያ አፉን ዘግቶ ቀስቱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ይገዘግዛል፤ ከዚያ እንደገና ይዘፍናል። ለፊንላንድ ሰው ያ ፋታ መተንፈሻ ነው። ለጋሽ መርዕድ ጥሪ ነበር። የመጀመሪያው ፋታ አለፈ። በሁለተኛው ባርኔጣቸውን ሲጨመድዱ ከኮቶቹ መካከል ሆኜ አየሁ። በሦስተኛው፣ ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት፦

«ተቀበል!

ብርዱ ከደጅ ቀረ፣ ገመዱ ሲናገር፣
ፈረሱ ሞቶ እንኳን፣ ጭራው ዞረ አገር!»

አንድም አንገት አልዞረም። ይህን አስቡልኝ። በኛ ሰው ዘንድ አንዱ ቢጮህ ሁሉም ይዞራል፣ ግማሹ ይስቃል፣ ሌላው ይቆጣል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በእነዚህ ዘንድ ግን ነውር የሠራ ሰው ቅጣቱ አለመታየት ነው። የአንዳንዶቹ ጆሮ ብቻ ከኋላ ሲቀላ አየሁ። ሳካሪ ቀና አለ። ቀስቱን ሳያቆም በሩን ረዘም አድርጎ ተመለከተ፤ ከዚያ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ። ጋሽ መርዕድ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ስንኛቸው በዜማ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ዘፈኑ አለቀ።

እሑድ ጠዋት የኮሚቴው ሊቀ መንበር ኢንገር ወደ ኮት ማስቀመጫዬ መጡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ያሉ፣ ፈገግታቸው የማይጠፋ ሴት። ጋሽ መርዕድ «እሜቴ ኢንገር» ነበር የሚሏቸው፤ እሳቸውም ማዕረግ መሆኑን ገምተው ደስ ይላቸዋል። ፖስታ ሰጡኝ።

«በቋንቋችሁ ብትነግሪው ይሻላል ብለን ነው» አሉ። «እባክሽ ለስለስ አድርጊው።»

ለስለስ ማድረግ የማውቀው ሙያ አልነበረም። በዚያ ሴሚስተር የትርጉም ትምህርት እወስድ ነበር፤ ታማኝነት የሚለውን ቃል በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ወጥ ቤት ገባሁና ደብዳቤውን አንድ ሐረግ ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው፦ ኮሚቴው ለአቶ መርዕድ የረዥም ጊዜ አገልግሎት ያለውን ከፍተኛ አድናቆት ይገልጻል፤ ከአሁን በኋላ ግን በትርኢት ሰዓት ሠራተኞች ወጥ ቤት ውስጥ ቢቆዩ ለሁሉም ምቹ ይሆናል ብሎ ያምናል።

«አድናቆት አሉ?»

«ብለዋል።»

«ከፍተኛ?»

«ከፍተኛ።»

ስኒ ማጠባቸውን ቀጠሉ። «እንግዲህ አድንቀው አስወጡኝ» አሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን «ጋሽ መርዕድ፣ ዛሬ ጓዳው ብቻዬን ከበደኝ፤ አይራቁኝ» ብላ በክብር ታስቀራቸው ነበር። እሳቸውም ገብቷቸው፣ እንዳልገባቸው ሆነው ይቀሩላት ነበር። እኔ ግን ደብዳቤውን ተረጎምኩት። ትርጉሙ ዛሬም ቢታረም ስሕተት አይገኝበትም።

በእሑዱ ዕረፍት ሰዓት የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ሳካሪ ገባ። ሰላም አላለም። ፎጣ አነሣና የታጠቡትን ስኒዎች ማድረቅ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስኒ አደረቀ። ጋሽ መርዕድም ያቀብሉታል። በአራተኛው ስኒ ላይ በእንግሊዝኛ «ትናንት ምን ነበር ያልከኝ?» አለ።

ጋሽ መርዕድ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪው፤ አንቺ እንደሆንሽ አታጎድዪም።»

ነገርኩት። ብርዱ ከደጅ መቅረቱን፣ ፈረሱ ሞቶ ጭራው አገር መዞሩን። ሳካሪ ብዙ አሰበ። የሚያደርቀው ስኒ ደርቆ አልቋል፤ እሱ ግን ማድረቁን አላቆመም።

«ፈረሱ አልሞተም» አለ።

«ምን አለ?»

«ፈረሱ አልሞተም ነው የሚለው፣ ጋሽ መርዕድ።»

«የጎረቤቴ ናት» አለ ሳካሪ። «ካሮት ትወዳለች።» ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን፤ በረዶ ላይ የቆመች፣ ሆዷ የሰፋ ቡናማ ባዝራ፣ ካሜራውን በንቀት የምታይ።

ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አደራርቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ተመለከቱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነበር።

«ሳልጠይቅ ገደልኩበት እኮ! የሰው ፈረስ! ይቅርታ በይልኝ፣ ተማሪት። ይኼን ያህል ዘመን ግጥም ስሰጥ ‹ነገሩ እንዲያ አይደለም› ብሎ ያረመኝ አዝማሪ አልነበረም።» ዐይናቸውን ጠረጉና ጥቂት አሰቡ። «እሺ፦ ‹ፈረሱ በረት ነው፣ ጭራው ዞረ አገር።› በይ ንገሪው።»

ነገርኩት። ሳካሪ ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ትክክል ነው» አለና ስንኙን ቃል በቃል እንድነግረው ጠየቀ። ቧንቧው እየፈሰሰ፣ በጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ እየመታ ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀበለው። ግማሹ ቃል ተሰባበረ፤ ግን ቤት መታ። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን ፈለጉ፤ ሚስማር ላይ ነበር። ባዶ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሳካሪ ግን በስንብት ላይ የሆነውን ለኢንገር ነገራቸው፤ ኢንገርም ተጸጸቱ። የጨዋ ሰው ጸጸት ከቁጣው ይከፋል፤ ስብሰባ ይጠራል። በዓመቱ ፕሮግራሙ ታትሞ ሲወጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ ሰዓት ከአራት ከዐሥር እስከ አራት ከሩብ «የታዳሚ ግጥም፦ እንግዳ ከያኒ አቶ መርዕድ» ይላል። ከጎኑ ባርኔጣ ያደረጉበት ፎቶ አለ። እንዲቀረጹ መፍቀዳቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ ቅጽ መጣ። እንግዳ ከያኒ ደግሞ በር ላይ አይቆምም፤ ከፊት ረድፍ ስሙ የተለጠፈበት ወንበር አለው። በመጀመሪያ በሩን የወሰዱባቸው በቅጣት ነበር፤ አሁን በሽልማት ወሰዱባቸው።

«እንዴት ነው ግጥም በቀጠሮ የሚሰጠው?» አሉኝ ቅጹን እያገላበጡ። «ማስነጠስ በቀጠሮ አለ?»

«እምቢ ይበሏቸዋ።»

«ደግ ሰዎች ናቸው እኮ! ደግ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።»

ሶስና ከሳን ሆዜ መጣች፤ ከቤተ ክርስቲያንም ሦስት ወዳጆቿን አስከትላለች። ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች። አራት ከዐሥር ሲሆን ጋሽ መርዕድ መድረክ ላይ ወጡ፤ ኢንገር ራሳቸው ማይኩን በቁመታቸው ልክ ዝቅ አደረጉላቸው። ሳካሪ ቀስቱን አነሥቶ ዘፈነ። ፋታ ሰጠ። ጋሽ መርዕድ አፋቸውን ከፈቱ። ወንበሮቹን አዩ፤ በወንበሮቹ ላይ የተቀመጡትን ሁለት መቶ ፊቶች፣ ሁሉም ወደ እሳቸው የዞሩትን አዩ። አፋቸውን ዘጉ። ሳካሪ አልጨነቀውም፤ መልሶ ዘፈነ፣ ሌላ ፋታ ሰጠ። ምንም። ሌላ ሰጠ። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ ሰው መሬት መሬት እያዩ አምስት ደቂቃ ሙሉ ቆሙ። ቀስቱ አረፈ።

አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ተነሣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁሉም። አንዲት ሴት በአጋዘኑ ሹራቧ እጅጌ ዐይኗን ትጠርጋለች። ኮቱን ሊወስድ የመጣ ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ቁጥብነት ከሞቃት አገር ሰው አልጠብቅም ነበር» አለኝ።

ጋሽ መርዕድን ወጥ ቤት አገኘኋቸው።

«ተማሪት፣ የሚያጨበጭቡት ለምንድን ነው?»

«ዝምታዎን ወደውት ነው።»

«ዝምታዬን? አልመጣልኝም እኮ ነው!»

«አላወቁም።»

«ንገሪያቸዋ! ሂጂና ንገሪያቸው፤ ‹ጠፍቶበት ነው› በያቸው!»

አልነገርኳቸውም። የተባልኩትን ሳልተረጉም የቀረሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሶስና ወዳጆቿን አቅፋ ታለቅስ ነበር፤ አባቷ ሰው ፊት ሲከበሩ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። እሳቸውም ያን አይተው ወደ ስኒዎቹ ተመለሱ።

በሳምንቱ ጠርተውኝ ደብዳቤ አስጻፉኝ። «በይ ጻፊ» አሉ። «‹ክብራችሁን ውሰዱና በሩን መልሱልኝ። አፌን እይዛለሁ። አፌን ካልያዝኩ ከአዳራሹ ጭምር አስወጡኝ።› ይኸው ነው።» እኔ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ አቶ መርዕድ ኮሚቴው ላደረገላቸው ታላቅ ክብር ከልብ ያመሰግናሉ፤ ሆኖም ዕድሜያቸውንና ልማዳቸውን በማሰብ በቀድሞ ቦታቸው በኋላ በር ሆነው ቢያገለግሉ ይመርጣሉ። ድምፅ እንደማያሰሙ የገቡትን ቃል ግን ሳለዝብ አስገባሁት፤ ኮሚቴውን የሚያረካው እሱ እንደሆነ አውቄያለሁ። ኢንገር በማግስቱ መለሱ። በሩ የእሳቸው ነው፤ ቃላቸውንም በአድናቆት ተቀብለዋል።

ባለፈው ጥር በዚያ በር ቆሙ። ከስተው ነበር፤ ባርኔጣቸው ሰፍቷቸዋል። ወንበሮቹን ዓርብ ጠዋት ለመፈተን አቅም አጥተው፣ እሳቸው እየተቆጣጠሩኝ እኔ ተቀመጥኩባቸው። «እንደ ተማሪ አትቀመጪ፤ እንደ ሰለቸው ሰው ተቀመጪ» ይሉኛል። ሆስፒታል ምን እንደተባሉ ሶስና ነግራኛለች፤ እሳቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ ሳካሪ ሲጫወት ኮቶቹን ትቼ አጠገባቸው ቆምኩ። የመጀመሪያው ፋታ ሲመጣ ሳካሪ ቀና ብሎ በሩን አየ። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳካሪ ቀጠለ። በሁለተኛውም ፋታ ቀና አለ፤ በሁለተኛውም ነቀነቁ። ከፊታችን በሁለት ረድፍ ርቀት የኢንገር ቀጥ ያለ ማጅራት ይታየኛል። በሦስተኛው ፋታ ሳካሪ ቀና አላለም። ትንፋሻቸው ጆሮዬ ላይ ሞቀኝ።

«ተማሪት» አሉ በሹክሹክታ። «ተቀበይ።»

«እሽሽ!» አልኳቸው።

ከአፌ ሲወጣ እንዲያ ይጮሃል ብዬ አልገመትኩም። በዚያ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ከቦታው የወጣ ድምፅ የኔ ብቻ ነበር። አንድም አንገት አልዞረም። በሩን እንዳያጡ ብዬ ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው አይደለም። ብቀበል ሊያዩኝ ነው ብዬም ነው። ጋሽ መርዕድ ወዲያው ጆሮዬን ለቀው ቀና አሉ፤ ጥፋተኛዋ እኔ ሳልሆን እሳቸው የሆኑ ያህል ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አስተካክለው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ወንበር እያጣጠፉ አገኘኋቸው። ሁለት አጥፈው አንድ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ።

«ምን ሊሉኝ ነበር?» አልኳቸው።

«መቼ?»

«ቅድም። ተቀበይ ሲሉኝ።»

ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ ወይም የሞከሩ መሰሉ። «ጠፋኝ» አሉ። «ፋታው ሲሄድ ይዞት ነው የሚሄደው።» እውነታቸውን ይሁን ለኔ አዝነው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ወንበሩን አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉና ዞር ብለው አዩኝ።

«አይቆጭሽ። ‹እሽሽ› ማለትሽ ጥሩ ነበር፤ ፋታው ላይ ገባ፣ ቀስቱን አልነካበትም።»

ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ያመሰገኑኝ በዚያ ብቻ ነው።